የሁለት ጾም ሊጥ

አቃቂ ያኔ ከተማ ልሁን ገጠር ልሁን ብላ ገና አልቆረጠችም። በአንድ በኩል የጥጥ ፋብሪካው ፊሽካ ይጮኻል፣ በሌላ በኩል ላም እምቧ ትላለች። ባቡሩ ከለገሃር ተነስቶ ወደ ሞጆ ሲያልፍ ትልቅ ትንሹ ሥራውን ትቶ ቆሞ ያየዋል፤ ትናንትም አይቶታል፣ ነገም ያየዋል፣ ምን ቸገረው፣ ያያል። ችግር አልነበረም የሚል ካለ ዋሽቷል። ግን ጠዋት ጠዋት ከአቧራውና ከወንዙ ሽታ በላይ የብስኩት መዓዛ ተነስቶ ሰፈሩን ያውደው ነበር። ያን ያሸተተ ሰው አቃቂን እስኪሞት አይረሳትም።

ፋብሪካው የሙሴ ያኒ ነው። ሙሴ ያኒ ግሪክ ነው፣ ያኔ ፈረንጁን ሁሉ «ሙሴ» ነው የምንለው፤ ከሐዲዱ ማዶ ግቢ አጥሮ፣ ፉርኖ የሚሉትን ትልቅ ምድጃ ተክሎ ሲያበቃ፣ «ወጣቶች እፈልጋለሁ፤ የብስኩት ሙያ አስተምራለሁ፤ እየተማሩም ደሞዝ እከፍላለሁ» ብሎ አስወራ።

ሰፈሩ ጉድ አለ! ሰው ሙያ ሲማር እኮ መከራውን ነው የሚያየው። ልብስ ሰፊ ጋ የገባ ተለማማጅ መርፌ ሳይዝ በፊት ውሃ ይቀዳል፣ የጌታውን ልጅ ያዝላል፣ በዓል ሲመጣ በግ ይጎትታል። አናጢ ጋ የገባም ያው ነው። እየተማሩ መከፈል የሚባል ነገር ማን ሰምቶ ያውቃል?

የሐዲድ ሠራተኛው የአቶ ቀናው ልጅ ወለተሥላሴ ወሬውን ይዛ ቤት ስትገባ አባቷ እራታቸውን አቁመው አዳመጧት።

«ቆይ እስቲ፣ ሰውዬው ያስተምርሻል?»

«አዎ አባባ።»

«ከዚያ አንቺ ትከፍይዋለሽ።»

«አይ፣ እሱ ነው የሚከፍለኝ።»

«ታዲያ ከሁለታችሁ ሞኙ ማነው?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

እናቷ ወይዘሮ ወርቅነሽ ግን አልሳቁም። ነጠላቸውን አጣፍተው በማግስቱ ፋብሪካው በር ላይ ሄደው ቆሙ፤ ሊጥ ክፍሉን የምታዘው ሴት መሆኗን፣ ያቺም ሴት ማተቧን ያሰረች ቆፍጣና ወይዘሮ መሆኗን በዓይናቸው አይተው ካረጋገጡ በኋላ ነው «በይ ግቢ» ያሉት። ያቺ ወይዘሮ እትዬ አሰጋሽ ናቸው። እሳቸው ሲቆጡ ወንፊቱ በራሱ የሚነፋ ይመስላል።

እዚያ ነው ወለተሥላሴ ከዙለይኻ ጋር የተገናኘችው። ዙለይኻ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው የጋሽ ከሊል ልጅ ናት፤ ስልጤዎች ናቸው። ጋሽ ከሊል ልጃቸውን ፋብሪካ ለመላክ እሺ ያሉት እዚያው ግቢ ጆንያ ተሸካሚ የሆነው የወንድማቸው ልጅ ታጁ «እኔ አለሁ» ስላላቸው ብቻ ነው። ታጁ ደግሞ ሳቅ የማያውቅ ሰው ነው። ግንባሩን ቋጥሮ በሊጥ ክፍሉ በር ሲያልፍ ልጃገረዶቹ ሁሉ ወሬያቸውን ይውጣሉ።

«ይሄ ሰውዬ ሲወለድም እንዲህ ተቆጥቶ ነው?» ትላለች ወለተሥላሴ።

«ዝም በይ፣ ይሰማሻል!» ትላለች ዙለይኻ፣ ግን ሳቋ ያመልጣታል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዴት ያሉ ወራት ነበሩ! ዱቄት መንፋት ተማሩ፣ ቅቤና ስኳር መምታት ተማሩ፣ ሊጥ መቼ «ይብቃኝ» እንደሚል በመዳፍ ማወቅ ተማሩ። ከሁሉ በላይ እትዬ አሰጋሽ ያስተማሯቸው አንድ ሕግ ነበር፤ ያልተቀመሰ ሊጥ ከገንዳ አይወጣም። ምን እንደገባበት ሳይታወቅ የተጋገረ ብስኩት ለአህያም አይሆንም ይላሉ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ይቀምሳሉ። ተሰባብሮ የተረፈውንም ይቀምሳሉ። የሁለቱም ጉንጭ ሞላ፤ የመጀመሪያ ደሞዛቸውን የተቀበሉ ዕለት ወለተሥላሴ ነጭ ሸራ ጫማ ገዝታ፣ ጭቃ እንዳይነካው በእጇ ይዛው በባዶ እግሯ ቤቷ ገባች። ዙለይኻ እስከ ዛሬ ድረስ ያን አስታውሳ ሳትስቅ አትቀርም።

የታኅሣሡ የክብር ዘበኛ ግርግር ጋብ ካለ በኋላ ግን አቶ ቀናው አንድ ቀን ከሥራ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። አዋሽ ጣቢያ ተዛውረዋል። ከነቤተሰባቸው በመጋቢት መሄድ አለባቸው። ወለተሥላሴ የምትሆነውን አጣች። ደግነቱ አቃቂ የምትቀር አክስት አለቻት። ወይዘሮ ወርቅነሽም ብዙ ካሰቡ በኋላ ፈረዱ፦ «ሙሴው ቋሚ ካደረገሽ ከአክስትሽ ጋር ትቀሪያለሽ። ካላደረገሽ ከእኛ ጋር ባቡር ትሳፈሪያለሽ።»

ከሊጥ ክፍሉ ደግሞ ቋሚ የሚሆነው አንድ ሰው ብቻ ነው ተብሏል።

«አንቺ ትሆኛለሽ» አለቻት ዙለይኻ ስትሰማ። «እኔ የአባቴ ሱቅ አለኝ። ላንቺ ዱዓ አደርጋለሁ።»

«አዋሽ እኮ ሲኦል ነው አሉ፣ ዙለይኻ። ሙቀቱ ድንጋይ ያበስላል አሉ።»

«አትሄጂም አልኩሽ! ማን ይለቅሻል?»

በዚያው ዓመት በየካቲት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ። ፋብሪካው ውስጥ ክርስቲያኑም ጾመኛ፣ እስላሙም ጾመኛ ሆነ። ፉርኖው ይነዳል፣ ቅቤው ይሸታል፣ ሰው ሁሉ ምራቁን እየዋጠ ያንን ሁሉ ብስኩት ለሌላ ሰው ይጋግራል። አንዳንዱ «ቀምሶ መትፋት ይቻላል» አለ። እትዬ አሰጋሽ «ቅቤ ምላሴን በሁዳዴ አይነካም» ብለው ተቆጡ፤ ጋሽ ከሊልም ቀድመው ለዙለይኻ «ቀመስሽ ማለት ገደፍሽ ማለት ነው» ብለዋታል። እና ማን ይቅመስ? ሙሴ ያኒ ራሱ በየገንዳው እየዞረ ይቀምስ ጀመር። ክርስቲያን ነኝ ይላል፣ ግን ጨጓራው ይታመማልና ሐኪሙ አትጹም ብሎታል። ሰው ይህን እየሰማ አንገቱን ይነቀንቅበታል።

አንድ ቀን ሙሴ ያኒ ለማሽኑ ቺንጋ፣ ማዞሪያ ቀበቶውን፣ ሊገዛ አዲስ አበባ ሄደ። ሲወጣ «ሳትቀምሱ እንዳታስወጡ!» ብሎ ጮኸ። እትዬ አሰጋሽም «እሺ ሙሴ» አሉት፤ መኪናው ከበር ሲወጣ ግን ወደ ልጃገረዶቹ ዞረው፣ «ለአንድ ቀን አሽትተን እንለየዋለን፤ እግዚአብሔር ያያል» አሉ።

ያን ዕለት ስኳር የማስገባቱ ተራ የወለተሥላሴ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም፣ ሙቀቱ ራሷን ያዞራታል። ስኳሩና ጨው ጎን ለጎን በእንጨት ሳጥን ተቀምጠዋል፤ የዕለቱ ጨው ደግሞ እንደ ስኳሩ የደቀቀ ነው። ሰፍራ አስገባች። ማሽኑ አገላበጠው። ከዚያ እሷና ዙለይኻ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ያሹት ጀመር።

ወለተሥላሴን በዋዜማው ጣቷን ቆርቆሮ ቆርጧት ነበር። ሊጡ ሲነካው ቆጠቆጣት። መጀመሪያ ናቅ አደረገችው። እየባሰ ሲሄድ ልቧ ድንግጥ አለ። ስኳር ቁስል አያቃጥልም።

«ዙለይኻ» አለች በሹክሹክታ፣ «ጨው ያስገባሁ መሰለኝ።»

«ምን?»

«ራሴን እያዞረኝ ነበር። ከየትኛው ሳጥን እንደዛቅሁ አላውቅም።»

«ቅመሺዋ!»

«በምን አንጀቴ? ሁዳዴ እኮ ነው! ቅቤ አለበት!»

ዙለይኻ ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ጣቷን ሊጡ ውስጥ ነክራ አፏ ከተተችና ዋጠችው። ፊቷ ጭምድድ አለ።

«ወላሂ ጨው ነው። ምላሴ ተላጠ።»

ወለተሥላሴ አፏን በእጇ ያዘች። «አንቺ! ረመዳን!»

ዙለይኻ ጆሮዋ ሥር ተጠጋች። ጉንጯ ቀልቶ ነበር። «ዛሬ ጾም የለብኝም» አለቻት። ወለተሥላሴ አልገባትም፤ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ ሴት ናትና ገባት። በእነሱ ዘንድ ሴት ልጅ የወሩ ነገር ሲመጣባት ጾሙ ይነሳላታል፤ ኋላ ቀን ጠብቃ ትከፍለዋለች። ሴቱ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ሴቱ ሁሉ ይህን ይደብቃል። ዙለይኻም በእነዚያ ቀናት ከንፈሯን አድርቃ እንደ ጾመኛ ትውላለች፤ አባቷ ፊት፣ ታጁ ፊት ውሃ ከመጎንጨት ብትሞት ይሻላታል።

«ለማንም እንዳትናገሪ!»

«ማርያምን፣ ከአፌ አይወጣም።»

የመጀመሪያው ሊጥ ወደ መቁረጫው መጓዝ ጀምሯል። ወለተሥላሴ «አቁሙ! አቁሙ!» ብላ ጮኸች። ማሽኑ ቆመ። እትዬ አሰጋሽ እየበረሩ መጡ፣ የሊጥ ክፍሉ ሰው ሁሉ ከበባቸው፣ ዱቄት ሊያወርድ የመጣው ታጁም ጆንያውን ትከሻው ላይ እንዳለ በሩ ላይ ቆመ።

«ማነው ያስቆመው?»

«እኔ ነኝ እትዬ። ጨው ገብቶበታል።»

«በምን አወቅሽ?»

«ጣቴን... ቁስሌን አቃጠለኝ።»

«ጣትሽን አቃጠለሽ ብዬ ይህን ሁሉ ቅቤ ልድፋ? ሳሙና ነክተሽ ይሆናላ! ማን ቀመሰው?»

እትዬ አሰጋሽ አንድ በአንድ ሲያዩአቸው ዓይናቸው ዙለይኻ ላይ ደረሰ። ዙለይኻ ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ሊጥ ነበር። ወለተሥላሴ አየችው። ታጁም ከበሩ ወደዚያው እያየ መሰላት። ልጅቷ ደርቃ ቀርታለች።

«እኔ ነኝ የቀመስኩት» አለች ወለተሥላሴ ፊት ለፊት ቀርባ።

እትዬ አሰጋሽ አማተቡ። «በሁዳዴ? ቅቤ?»

«አዎ እትዬ።»

ሊጡ ተደፋ። እትዬ አሰጋሽ ያን ቀን ሌላ ቃል አልተናገሯትም።

ሙሴ ያኒ ሲመለስ ነገሩን ሰምቶ እጁን አጨበጨበ። ስህተቷን ራሷ ይዛለች፣ ጾሟን ትታ ሥራዋን አክብራለች፣ እንዲህ ያለ ሰው ስፈልግ ኖሬያለሁ አለ። «ልምምዱ ሲያልቅ ይቺ ቋሚ ናት! ቀማሽ ናት!» ብሎ በሰው ፊት ተናገረ። ዙለይኻ ከማንም ቀድማ አቀፈቻት። «አላልኩሽም? አትሄጂም አላልኩሽም?» እያለች ዘለለች፤ ደስታዋ የእውነት ነበር። ወለተሥላሴም አዋሽን ከሐሳቧ አውጥታ ጣለች።

ግን ሰፈር አለ። ወሬው ከወይዘሮ ወርቅነሽ ጆሮ የደረሰው ቦኖ ውሃ ላይ ነው። እንስራቸውን ሳይሞሉ ተመለሱ። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም፤ የልጃቸውን ማዕድ ለብቻዋ አቀረቡላትና ግድግዳውን እያዩ አለቀሱ። ወለተሥላሴ ቢመቷት ትመርጥ ነበር። «እማዬ፣ እኔ እኮ...» ትልና የማለችውን መሐላ አስባ ትተዋለች።

ቅዳሜ ጎትተው የነፍስ አባታቸው ጋ ወሰዷት። እናቷ ደጅ ቆመው እያለቀሱ፣ እሷ አቀርቅራ ያልበላችውን ሊጥ ተናዘዘች። ቄሱም ንስሐ ሰጧት፤ በየማለዳው ስግደት፣ እስከ ትንሣኤ። እናም ሰገደች። ጎህ ሲቀድ ከመሬቱ ወድቃ ትነሳለች፣ ወድቃ ትነሳለች፣ ከዚያ ጉልበቷን እያሸች ሥራ ትሄዳለች። አንዳንዴ መሃል ላይ ሳቅ ይመጣባታል። አንዳንዴ ደግሞ ያንገበግባታል።

አንድ ቀን የዱቄት ባልዲ ለማንሳት ጎንበስ ስትል «ወይኔ!» ብላ ተቀመጠች። ዙለይኻ ሮጣ መጣችና ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ አየቻት። ጉልበቷ ተላጦ አብጧል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ወድቄ ነው።»

«በሁለቱም ጉልበት?» አለች ዙለይኻ። ከዚያ ገባት። «ስግደት ነው አይደል? በእኔ ሊጥ?»

«ተይው በቃ። ሊያልቅ ነው።»

ዙለይኻ ሽርጧን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

የልምምዱ የመጨረሻ ደሞዝ የተከፈለ ቀን ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ነበር፤ ተለማማጁ፣ ጋጋሪው፣ ጫኝ አውራጁ። ሙሴ ያኒ ደሞዙን በየእጃቸው ከሰጠ በኋላ፣ «አሁን ቋሚዎቹን ልንገራችሁ» ብሎ «ወለተሥላሴ» ከማለቱ ዙለይኻ ከሴቶቹ መሃል ወጣች። ወለተሥላሴ ልብሷን ይዛ ልታስቀራት እጇን ሰደደች፣ አልደረሰችባትም።

«ሙሴ፣ ያን ቀን የቀመስኩት እኔ ነኝ» አለች ዙለይኻ። ድምጿ ይርበተበታል፣ ዓይኗ ግን መሬት አላየም። «እሷ ጾሟን አልገደፈችም። እኔም አልገደፍኩም። ጾም አልነበረብኝም። ሴት ነኝ፣ ጊዜዬ ነበር።»

ወንዶቹ ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። እትዬ አሰጋሽ ነጠላቸውን አውልቀው የልጅቷን ትከሻ አለበሷት። የወለተሥላሴ ዓይን ታጁን ፈለገ፤ የሁሉም ዓይን ታጁን ፈለገ። እሱ ግንባሩን እንደቋጠረ ቆሞ ነበር።

«ምን አያችሁኝ?» አለ። «እኔም እህቶች አሉኝ።»

ያን ሁሉ ጊዜ የተፈራው ሰው ይኸው ነው።

ሙሴ ያኒ ግን ፊቱ ተለዋውጧል። ለእሱ የጾሙ ነገር ከመጀመሪያውም ብዙ አልገባውም፤ ሊጡ ነው የሚገባው። ጨው ያስገባችው ማናት? ወለተሥላሴ። ቀምሳ ያዳነችው ማናት? ዙለይኻ። ዋሽታ ደረቷን የነፋችውስ? ወለተሥላሴ።

«ቀማሽ ቀመስኩ ሲል ማመን አለብኝ» አለ ቀስ ብሎ። «አዝናለሁ። ቋሚዋ ዙለይኻ ናት።»

«አይሆንም! እኔ ለዚህ ብዬ አይደለም!» ብላ ጮኸች ዙለይኻ። እትዬ አሰጋሽም ሊለምኑላት ሞከሩ። ሙሴ ያኒ እጁን አወናጭፎ ቢሮው ገባ።

ዙለይኻ በር ላይ ደረሰችባት። «ወለተ፣ አላወቅሁም፤ ጉልበትሽን አይቼ እኮ ነው፣ አንጀቴ አልቻለም...»

«ማን ተናገሪ አለሽ?» አለች ወለተሥላሴ። በቁጣ ጥርሷን ነክሳለች። «የተላጠው የእኔ ጉልበት! የማልኩት እኔ! ምን አገባሽ?»

ሄደችም። ወደ ኋላ አላየችም።

ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ነበር። ወይዘሮ ወርቅነሽ እልል ብለው አቀፏት። «ልጄ አልገደፈችም! ልጄ ንጹሕ ናት!» እያሉ እግሯን በሙቅ ውሃ ያጥቧታል፣ ይስሟታል፣ ያለቅሳሉ። «ሥራዬን አጣሁ እኮ እማዬ» ብትላቸው «ሥራ ይገኛል» አሏት። ከእናቷ ጋር ከአንድ ማዕድ በልታ ተኛች፤ ደስ አላት፣ ደግሞም ደስታዋ አናደዳት።

የሚሄዱበት ቀን፣ ረመዳን ወጥቶ ኢድ ካለፈ በኋላ፣ ጣቢያው ላይ ዕቃ ሲጫን ታጁ መጣ። በካኪ ወረቀት የተጠቀለለ፣ በቃጫ የታሰረ ነገር ይዟል።

«ዙለይኻ ናት የላከችልሽ። ልትመጣ ነበር፤ ፉርኖው ነድቶ፣ ሊጡ ተቦክቶ፣ የሚቀምስ የለም። ሥራ ላይ ናት።»

ሥራ ላይ ናት! ይህቺ ቃል ወለተሥላሴን አንጀቷን በላቻት። አመሰግናለሁ እንኳ ሳትል ተቀበለችው። ባቡሩ ሲነቃነቅ የፋብሪካው መዓዛ በመስኮቱ ገባ፤ መስኮቱን ዘጋችው።

አዋሽ የተባለውን ያህል ሙቀት ነው። ወለተሥላሴ ጥቅሉን ሣጥኗ ታች ከተተችውና አልነካችውም። ጾም ነው አለች ለራሷ፣ ቅቤ አለበት። ጾም ባይሆንም አትነካውም ነበር። በየቀኑ ዙለይኻን በልቧ ትጣላታለች፤ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ጣቷን ነክራ፣ እትዬ አሰጋሽ ወደ እሷ እያዩ፣ «ይብቃው» ስትል ይታያታል። ያ ቦታ የእኔ ነበር ትላለች።

የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እናቷ ዶሮውን እስኪያወጡ ድረስ ምን እንደገፋት ሳታውቅ ሣጥኑን ከፈተች። ቃጫውን ፈታች። ብስኩቱ አልተሰበረም፤ አንድ በአንድ ተደርድሯል። አንዱን ገመጠች። ቅቤው መጣ፣ ከዚያ ስኳሩ መጣ፣ ከስኳሩ ኋላ ጥቂት የጨው ጣዕም መጣ፤ ልክ መድረስ ያለበት ቦታ ላይ። እንዲህ ያለ ብስኩት እዚያ ግቢ ውስጥ እያለች እንኳ ቀምሳ አታውቅም።

እናቷ ዘወር ሲሉ ብስኩቱን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኟት።

«ምነው ልጄ? በፋሲካ ምድር?»

«ዙለይኻ ናት የቀመሰችው፣ እማዬ» አለች። «እኔ ሳልሰናበታት ነው የመጣሁት።»